ለጋሼ ጉተማ የሠራኋቸው ሃያ ጥይቶች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሬይ መጀመሪያ ያሳየኝ ጠመንጃ አልነበረም፤ ወንበር ነበር። መደገፊያው የተላላጠ፣ እግሮቹ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ የእንጨት ወንበር። «እዚህ ከተቀመጥክ የጀመርከው ሳያልቅ አትነሣም» አለኝ። እኔ በልቤ፣ ይሄ ሰውዬ ወንበሩን ያሰረው ሌባ ፈርቶ ነው ወይስ እኔን ሊያስረኝ ነው አልኩ።

ሬይ ሜልቦርን ውስጥ ከሜድስቶን ሰፈር ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ የጠመንጃ ጥገና ሱቅ የነበረው አውስትራሊያዊ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል ቆጣቢ። እኔ አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረት መቅረጫውን ቶርኖ ተምሬ፣ ጥቂት ዓመት ጋራዥ ሠርቼ፣ በሱዳን በኩል ወጥቼ ነው ሜልቦርን የገባሁት። ስሜ ደሳለኝ ነው። ሬይ በመጀመሪያው ሰዓት ቆርጦ «ዴስ» አደረገው። «የቀረውስ?» ስለው «ለእሑድ አስቀምጠው» አለኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ ነግሬው ነበርና ለቀልድ ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ለብዙ ወር ሲቀልድ አልሰማሁትም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ረዳት ነበርኩ። አፈሙዝ አጸዳለሁ፣ ሞርሳ ላይ የታሰረ ብረት በሊማ እሞርዳለሁ፣ የተሰነጠቀ ሰደፍ አጣብቃለሁ። ቶርኖው ላይ ከሬይ አላንስም ነበር፤ እሱም ያውቀዋል፣ አይናገረውም እንጂ። ጥግ ላይ ያለችውን የባሩድ ጠረጴዛ ግን አያስነካኝም። «ብረት ካበላሸህ ሌላ ብረት እንገዛለን» ይለኛል። ሌላውን ሳይጨርሰው ይሄዳል።

በሦስተኛው ዓመት ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ሱቁ ጥይት ሠርቶ ለመሸጥ ፈቃድ ነበረው፤ ደንበኞቹም የተኮሱበትን ቀልሃ ይዘው እየመጡ በልካቸው ያሠሩ ነበር። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ቀልሃው ይጸዳል፣ በመጭመቂያው ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ቂጡ ላይ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ቆብ ይገባለታል፣ ባሩድ ተመዝኖ ይቀዳበታል፣ በመጨረሻ አረሩ አፉ ላይ ይቀመጣል። ይኸው ነው። ቡና ማፍላትም ሲነገር ቀላል ነው።

የሬይ ሕጎች ከሥራው ይበልጣሉ። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት ባሩድ በላይ አይቀመጥም። ባዶ ቀልሃ በግራ መደርደሪያ ይቆማል፤ ባሩድ ሲቀዳበት በዚያው ቅጽበት ወደ ቀኝ መደርደሪያ ይሻገራል። ረድፉ ሲያልቅ አረር ከመቀመጡ በፊት እያንዳንዱ ቀልሃ ውስጥ በባትሪ ይታያል። የባሩዱ ቆርቆሮ ከሥራ በፊትና በኋላ ተመዝኖ ይጻፋል። መሐል ላይ መነሣት የለም። የግድ ከሆነብህ ሁሉንም ወደ ቆርቆሮው ገልብጠህ ከአንድ ትጀምራለህ። ሽንት ቤት እንኳ አስቀድሜ ነበር የምሄደው፤ ምን ላድርግ!

አንድ ቀን ማግነም ጠመንጃ ያለው ደንበኛ ለስለስ ያለ ጥይት ፈለገ። ማግነም ማለት ቀልሃው ትልቅ፣ ባሩዱ ብዙ፣ ርግጫው የበቅሎ የሆነ ነው። እኔም አዋቂ ነኝና «ባሩዱን በግማሽ እንቀንሰዋ» አልኩ። ሬይ የየባሩዱ ልክ የተጻፈበትን ማኑዋል አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣለውና «የት ገጽ ላይ ነው የተጻፈው?» አለኝ። ፈለግሁ፤ የለም። «ካልተጻፈ አይሠራም» አለ።

በኋላ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የማግነም ባሩድ ቀስ ብሎ የሚነድ ነው። ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ በታች ሲወርድ ጠባዩ ይለወጣል፤ አንዳንዴ አረሩን አፈሙዝ ውስጥ ትቶት ይቀራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጠመንጃውን ይሰነጥቃል። ለምን እንደሆነ አዋቂዎቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። ለስላሳ ጥይት የሚሠራው ለዚያ ቀልሃ በማኑዋሉ የተፈቀደ ሌላ ባሩድ ተመርጦ፣ በተጻፈው ልክ ብቻ ነው። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር ጠቀመኝ።

ጋሼ ጉተማ የመጡት እኔ ባለሙያ ከተባልኩ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ሰባ ያለፋቸው፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ፣ አማርኛን በኦሮምኛ ዜማ የሚናገሩ ሰው። በወጣትነታቸው ባሌ ተራራ ላይ የውጭ አገር አዳኞችን የሚመሩ ነበሩ። እዚህ ደግሞ ሥጋ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ከከተማው ዳር ክሬጊበርን ከልጃቸው ከለሊሴ ጋር ይኖራሉ። ፋብሪካ አብሯቸው ይሠራ የነበረ አውስትራሊያዊ ጓደኛቸው ሲሞት ቤተሰቡ ጠመንጃውን በሕጉ አዛውሮላቸዋል። ያውም ማግነም።

«ደሳለኝ፣ ይሄ ጠመንጃ ጠላኝ» አሉኝ። ቀኝ ትከሻቸውን ኦፕሬሽን ሆነዋል። ሐኪሙ ሁለተኛ ከተመታ አይጠገንም ብሏቸዋል።

«ታዲያ ይተዉታ፣ ጋሼ።»

«ልተወው?» ጠመንጃውን አይደለም ያዩት፣ መስኮቱን ነው። «እዚህ አገር ተራራው ላይ ሲነጋ ብርዱ የባሌ ብርድ ነው። መሬቱ አመዳይ ይይዛል፣ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል። እኔ እዚያ ስቆም የአስታ ጢሻው ውስጥ የደጋ አጋዘን የቆመ ይመስለኛል። የለም፣ አውቃለሁ። ግን ይመስለኛል። አንድ ጠዋት ብቻ፣ ደሳለኝ። ብተኩስም ባልተኩስም።»

«ባዶ እጅዎን መሄድስ?»

«አቦ ተወኝ! ባዶ እጁን ጫካ የሚገባ እንጨት ለቃሚ ነው።»

ከዚያ ያው የኔን የድሮ ቂልነት ደገሙት፤ «ባሩዱን ግማሽ አድርግልኝ፣ አለቀ።» «ጋሼ፣ ባሩድ በርበሬ አይደለም፤ ስለቀነሱት አልጫ አይሆንም» አልኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከሬይ ጋር ማኑዋሉን ገልጠን ቀለል ያለ አረርና ለስላሳ ጥይት የተፈቀደለትን ባሩድ መረጥን። ጥይቱ ርቀት ላይ እንደማይረዳቸው፣ ጠመንጃውም ኢላማ ላይ እንደገና መስተካከል እንዳለበት ነገርኳቸው። «ድምፁ ከተለመደው ካነሰብዎ ሁለተኛ እንዳይተኩሱ፤ አረሩ አፈሙዝ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል» ብዬ አስጠነቀቅኋቸው። ለሊሴ ልትነዳላቸው ከምትሠራበት መጋዘን የአራት ቀን ፈቃድ፣ ሊቭ፣ ወስዳለች። ሐሙስ ጠዋት ወደ ተራራው ሊነሡ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሃያ ቀልሃ አሰልፌ ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሙሉ ጥይት ስትሠሩ ተሳስታችሁ ሁለት ጊዜ ብትቀዱ ባሩዱ ሞልቶ ይፈስና ይነግራችኋል። ይሄኛው ግን ከቀልሃው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለት ጊዜም ብትቀዱበት ዝም ብሎ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን ጠመንጃውን ተኳሹ ፊት ላይ ያፈነዳዋል። የለስላሳ ጥይት ትልቁ አደጋ ይኼ ነው።

አሥራ ሦስቱን ቀድቼ ወደ ቀኝ አሻግሬአለሁ። አሥራ አራተኛውን ቀዳሁ። ገና ሳላሻግረው በሩ ተከፈተና ጋሼ ጉተማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

«ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩ።

እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? አላሰብኩትም። እናቴ ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጬ ካየችኝ ጆሮዬን ነበር የምትጠመዝዘው። እግሬ ከኔ ቀድሞ ቆመ። «በእግዜር! ኧረ ቁጭ በል» አሉ። ጎንበስ ብዬ ጨበጥኳቸው፣ ከፊት ክፍል ወንበር አመጣሁላቸው፣ ስለ ትከሻቸው ጠየቅሁ፣ ስለ ለሊሴ ጠየቅሁ። ከዚያ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። አሥራ አራተኛው ቀልሃ በግራ በኩል ቆሟል። በግራ ያለ ባዶ ነው። ቀዳሁበት።

ሬይ ያን ቀን ሌላ ጉዳይ ስለነበረበት ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ጋሼ ስለ ባሌ ያወራሉ፤ ስለ አንድ ቀንዱ ዛፍ የሚያክል አጋዘን፣ ሦስት ቀን ተከታትለውት ፈረንጁ ሲያነጣጥር «ተወው» ስላሉት። እኔ ወደ ሱዳን እስክሰደድ ድረስ ከአዲስ አበባ ወጥቼ ስለማላውቅ ያንን አገር በእሳቸው አፍ ነው ያየሁት። ረድፉ አለቀ። ባትሪው እጄ አጠገብ ነበር። ትልቅ ሰው እያወራኝ ፊቴን አዙሬ ሃያ ቀልሃ ውስጥ ባትሪ ማብራት ነውር መሰለኝ። አረሮቹን እያስቀመጥኩ «እሺ፣ ከዚያስ?» እላለሁ። ሳጥኑ ላይ በእጄ ጽሑፍ «ለስላሳ፣ ጋሼ ጉተማ» ብዬ ለጠፍኩበትና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ቆርቆሮውን ሳልመዝን ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፍቼ፣ መዝገቡን ለመሙላት ቆርቆሮውን ሚዛን ላይ አወጣሁት። ሃያ ጥይት ሠርቼ የሃያ አንድ ባሩድ ጎድሏል።

ደግሜ መዘንኩ። ያው ነው። ጠረጴዛውን በብሩሽ ጠረግሁ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ፈለግሁ፣ የሱሪዬን እጥፋት ገለበጥኩ። አንዲት ፍሬ የለም። ወይ ጉዴ! ያኔ «ኖር» ያልኩት ትዝ አለኝ። 

ሬይ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ ነገርኩት። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ደውልለት» ብቻ አለ።

የጋሼ ስልክ ተዘግቷል። የለሊሴ ይጠራል፣ አይነሣም። አራት ጊዜ ደወልኩ። መንገዱ ከፍ ሲል ኔትዎርክ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ተራራው ላይ እንደደረሱ ኢላማ ሰቅለው ሊሞክሩ እንደነበርም አውቃለሁ። ፊታቸው ከዚያ ብረት በአንድ ስንዝር ይርቅ እንደሆነ ነው። በአምስተኛው አነሣች። ከተራራው ሥር ባለችው በማንስፊልድ ከተማ ቤንዚን እየቀዳች ነበር።

«ሃይ አንክል! ኦልሞስት ዜር!» አለች በእንግሊዝኛ፤ ሊደርሱ ነው።

«ለሊሴ፣ ስሚኝ። አባትሽ አንድ ጥይት እንዳይነኩ። አንድም! ሳጥኑን ተቀበዪው።»

ድምፄን ሰምታ ወደ አማርኛ ዞረች። «ምን ሆነ? ምን ተፈጠረ?» ስልኩን ጋሼ ተቀበሏት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መነሣቴን፣ ባትሪውን፣ ሚዛኑን።  የሚያልፍ መኪና ድምፅ ሰማሁ።

«የትኛው እንደሆነ አታውቅም?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። እዚያው ቆዩኝ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ። እርስዎ ተራራውን አይተው ይመለሱ።»

«ባዶ ጠመንጃ ተሸክሜ? አውሬው ይስቅብኛል።» ከዚያ «እንመለሳለን» አሉ። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ተራራው ይታያል፤ እኔም በዚያ በኩል አልፌ አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ለሊሴ አመጣችው። እሳቸው ከመኪናው አልወረዱም። ሬይ አጠገቤ ቆሞ አንድ በአንድ በአረር መንቀያው መዶሻ ፈታኋቸው። አረሩ ሲወጣ ባሩዱን ሚዛን ላይ እገለብጣለሁ። ልክ፣ ልክ፣ ልክ። በቅደም ተከተል ነበር የደረደርኳቸው። አሥራ አራተኛው ሲገለበጥ የሚዛኑ ቁጥር እጥፍ ሆነ። ሬይ ያችን ባሩድ በወረቀት ላይ አድርጎ ከፊቴ አስቀመጣትና ወጣ። ላከብራቸው ብዬ ተነሥቼ ልገድላቸው ነበር። ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ።

ሬይ አላባረረኝም። ለሁለት ወር ከወንበሩ አነሣኝና ወደ መጥረጊያና ሊማ መለሰኝ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። ሃምሳ ዓመቴን ባልፍም ቅር አላለኝም።

በሳምንቱ ክሬጊበርን ሄጄ ጋሼ እግር ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ለኔ ብለህ ነው የተነሣኸው?» አሉ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው ሁለተኛ እንዳትነሣ። ሞተ ብለው ቢነግሩህ እንኳ ሥራህን ሳትጨርስ እንዳትነሣ።» ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣቸው ግን ስለ ሞት አልነበረም፤ ስላመለጣቸው የተራራ ጠዋት ነበር። ለሊሴ ሌላ ሊቭ አልነበራትም። ከዚያም በረዶ ወረደና ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድ ተዘጋ።

ወደ ወንበሩ ስመለስ መጀመሪያ የሠራሁት የእሳቸውን ሃያ ጥይት ነው። ቀኑን ነግሬአቸው ነበር። ስድስተኛው ላይ ስደርስ የበሩ መስተዋት ላይ ጥላ አየሁ። ጋሼ ጉተማ ደጅ ቆመዋል። ዝናብ ያካፋል። አልገቡም፣ አላንኳኩም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እኔን ሳይሆን መንገዱን እያዩ ቆሙ። ቀዳሁ፣ አሻገርኩ፣ ቀዳሁ፣ አሻገርኩ። ባትሪውን በሃያውም ውስጥ አበራሁ። ቆርቆሮውን መዘንኩ፤ ልክ ነው። ያኔ ተነሥቼ በሩን ከፈትኩና «ኖር» አልኳቸው። ትከሻቸው በስብሷል። ሽማግሌ ዝናብ ላይ ያስቆምኩበት ብቸኛው ቀን ነው።

ወደ ኢላማ መተኮሻው ሜዳ አብረን ሄደን ሦስት ተኮሱ። ጠመንጃው እንደ ሕፃን ገፋ አደረጋቸው እንጂ አልረገጣቸውም። ከሦስተኛው በኋላ ቀልሃውን አንሥተው አፍንጫቸው አጠገብ ያዙት። «ለተራራው ይቀመጥ» ብለው የቀሩትን ሳጥን ውስጥ መለሱ። በጋው ሲያልፍ እንሄዳለን አሉ፤ እኔንም ጨምረው። ተራራ ጫማ ገዛሁ፤ ደስ ብሎኝ።

በጋው ሳያልቅ አንድ ማክሰኞ የሌላ ደንበኛ ጥይት እየሠራሁ ነበር። ከረድፉ አሥራ አንድ ቀልሃ ቀርቶኛል። በሩ ተከፈተና ለሊሴ ገባች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። እጇ ላይ የእኔ ጽሑፍ ያለበት ሳጥን አለ። አባቷ ሆስፒታል እንደገቡ እንኳ ማንም አልነገረኝም ነበር።

በእኛ ወግ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይሆን መንገድ ላይ ሐዘንተኛ ያየ ሰው ብድግ ይላል፣ ያቅፋል፣ ይጮኻል። ጉልበቴ ሊነሣ ሲል ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ለሊሴ…» አልኩ።

«ኢትስ ኦኬይ፣ አንክል። አባዬ ነግሮኛል። እጠብቃለሁ።»

ቆመች። አሥራ አንዱን ቀዳሁ። አንዱን ስቀዳ እንባዬ ሚዛኑ ላይ ጠብ አለ፤ ጠርጌ እንደገና መዘንኩ። ባትሪውን በሁሉም ውስጥ አበራሁ። ቆርቆሮውን መዘንኩ፣ ጻፍኩ። ከዚያ ተነሣሁ።

ሳጥኑ ውስጥ አሥራ ሰባት ጥይት ነበር። የሚተኩሳቸው ስለሌለ ስፈታቸው የሁሉም ባሩድ ልክ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሬይም አርፏል፤ ሱቁ ጂም ሆኗል። በትራም ሳልፍ በመስተዋቱ ውስጥ አያለሁ፤ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሰዎች ባሉበት ይሮጣሉ። የዘይቱና የባሩዱ ሽታ ይናፍቀኛል፤ «ዴስ» የሚለኝ ድምፅ ይናፍቀኛል፤ ከሁሉ በላይ ያላየሁት ባሌ ይናፍቀኛል። የተራራ ጫማዬ እስከ ዛሬ ከነካርቶኑ ነው።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አንድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ባሩድ እያለ ለማንም አትነሡ። የሚያከብራችሁ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።